ያለ ሽቦ የመጣልኝ መስመር

የምጽፈው ስለ ኢንተርኔት ነው፤ ነገር ግን ከስልክ መጀመር አለብኝ።

ሠላሳ ዓመት ያህል ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ ጸሐፊ ማለት ታይፕ የሚመታ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ስም አልጽፈውም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁትም ምንም አይጎድልባቸውም። ፊት ለፊት ስንገናኝ ዛሬም «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ለጥቂት ሠራተኞች በየመኖሪያ ቤታቸው የስልክ መስመር እንዲገባ ተፈቀደ። የስም ዝርዝሩን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ስሜም ነበረበት። በማግስቱ ወረቀቱን መልሶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ስሜ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ጎኑ ላይ የሚስቱ ወንድም ስም ተጽፏል።

«አስተካክለሽ ምቺው» አለኝ።

«እኔስ ጌታዬ?»

«አንቺ ደግሞ! ማን ይደውልልሻል?» አለና ቢሮው ገባ።

አስተካክዬ መታሁት። የራሴን ስም በራሴ ጣት አወጣሁ። ማን ይደውልልኝ እንደነበር እዚህ አልጽፍም። የሚደውል ሰው ግን ነበር።

ሽቦው መጣ፤ በኔ በር አልፎ ወደ ሚስቱ ወንድም ቤት ሄደ። በዚያ ሽቦ ሥር ስንት ዓመት ወጥቼ እንደገባሁ የሚቆጥርልኝ የለም። ኋላ ክፉው ጊዜ መጥቶ ከተማችን ከሰው ሁሉ ተቆርጣ ስትከርም ስልኩም መብራቱም ጠፋ። ሰላም ሲሆን መጀመሪያ ነፍስ የዘራው ኮረብታው ላይ ያለው የኔትወርክ ማማ ነው። የሰፈራችን ሽቦ ግን ከምሰሶ ምሰሶ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዛሬ አንዳንዱ ልብስ ያሰጣበታል።

ጡረታ ስወጣ ከመንገድ ዳር ያለችውን ክፍሌን የጽሕፈት ቤት አደረግኋት። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ አንድ አሮጌ ፎቶ ኮፒ። መጀመሪያ ማመልከቻ እጽፍ ነበር፤ ለፍርድ ቤት፣ ለመሬት ጉዳይ፣ ለዝውውር። እያደር ግን ሰው በእጁ ወረቀት ይዞ መሄዱን ተወ። ሥራ ማመልከት በኢንተርኔት፣ ፓስፖርት በኢንተርኔት፣ የፈተና ውጤት በኢንተርኔት ሆነ። እኔም የእጅ ስልኬን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ እያካፈልኩ መሥራት ጀመርኩ። ስልኩ እንደ ምጣድ ይግላል። ፎርሙን ጨርሰን የመጨረሻዋን ቁልፍ ልንነካ ስንል አንዷ ጎረቤት ትደውልልኛለች፤ ሁሉም ነገር ይቋረጣል፤ ከስም ከአባት ስም እንደገና እንጀምራለን።

ጎረቤት ካልኩ አይቀር፣ ያ ሰውዬ ጡረታ ሲወጣ ቤቱን የሠራው ከኔ አጥር ጎን ነው። ያን ሁሉ ሰፊ ከተማ ትቶ።

ቤት ውስጥ ተተክሎ የሚሠራ፣ ያለ ሽቦ ከማማው የሚቀበል ኢንተርኔት መኖሩን የሰማሁት ከአንዲት ደንበኛዬ ነው። ጠይቄ አስመጣሁት። መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ሽበት የጀመረው ቴክኒሻን የእጅ መዳፍ የምታክል ነጭ ሣጥን ይዞ መጣ። ሣጥኗ አንቴና ናት። ከፍ ያለ ቦታ ተሰቅላ ወደ ማማው ትዞራለች፤ ከእሷ የሚወርደው ገመድ ቤት ውስጥ ያለ ራውተር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሙሉ ኢንተርኔት ነው። ከእጅ ስልክ የሚለየው ቦታውን ይዞ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማየቱ ነው። ማንም ቢደውልልኝ አይቋረጥም።

ቴክኒሻኑ ጣሪያዬን አየ፣ ኮረብታውን አየ፣ የጎረቤቴን ቤት አየ።

«እትዬ፣ የርስዎ ቤት ዝቅ ይላል። ማማውም በጎረቤትዎ በኩል ነው። ከሳቸው ጣሪያ ላይ ሰቅለን ገመዱን በአጥር ብናሳልፈው ይሻላል።»

«የዚያ ቤት ጣሪያ አይነካም።»

«ተጣልታችኋል እንዴ?»

«አልተጣላንም። ጤና ይስጥልኝ እንባባላለን።»

ሰውየው አስተዋይ ነበር፤ አልገፋበትም። «እንግዲያው ረጅም ምሰሶ ይግዙ» አለኝ። እኔ ግን ነገሩ ዛሬውኑ እንዲያልቅ ፈልጌ፣ ጣሪያዬ ጫፍ ላይ ያለው አጭር የብረት ቧንቧ ይበቃል አልኩት። ከቧንቧው ጎን ሆኖ ሲያይ ማማው ቁልጭ ብሎ ታየው። «ለዛሬስ ይበቃል» አለና ሰቀለው። «ለዛሬ» ማለቱን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ እንደዚያ ያለ ጊዜ አሳልፌ አላውቅም። ገጹ ቁልፉን ሳልለቅ ይከፈታል። ከጋዝጊብላም ከደሃናም ወረዳ ለገበያ የሚመጣ ሰው እህሉን ሸጦ እኔ ዘንድ ይገባል። በሬ ላይ «ፈጣን ኢንተርኔት» ብዬ ለጠፍኩ። መስመሩን ያገኘሁት ማንም ሳይፈርምልኝ፣ ማንም ሳይሰርዘኝ ነው። ጠየቅሁ፣ መጣ። ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው ስለ ፍጥነቱ ያወራል፤ እኔ የወደድኩለት ይህን ነው።

ጎረቤቴ ግን ዝም አላለም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቅጥሩ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። «ያ ከአየር የሚቀዳው ለጨዋታ ነው። ዘፈን ለማየት። ቁም ነገር የሚሠራው ሽቦ ሲመጣ ነው፤ ፋይበር የሚሉት አለ፣ እሱን መጠበቅ ነው።» ሰው ያምነዋል። ኃላፊ የነበረ ሰው ከወንበሩ ከወረደ በኋላም ይታመናል።

ጥር አጋማሽ ላይ ኢንተርኔቴ ታመመ። ገጹ ግማሽ ይከፈትና ይቆማል። ፎቶ መላክ የአንድ ሰዓት ሥራ ሆነ። ካፊያ የጣለ ቀንማ ጭራሽ የለም። ራውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ የመብራት መጠባበቂያ ባትሪውን ቀየርኩ። ወደ ኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ፤ አንዲት ትሁት ልጅ አነጋገረችኝ።

«እማማ፣ አንቴናው ፊት ለፊት አዲስ ነገር አለ? የተሠራ ሕንፃ? ያደገ ዛፍ?»

«ምንም የለም ልጄ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ስድሳ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ሰፈር ነው። የለም ካልኩ የለም።»

የነገርኳት እውነት መስሎኝ ነው። ስህተቴን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። በዚያ ሳምንት ደንበኞቼ ሲመጡም ሲሄዱም ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፎ ያያቸዋል። «ዛሬስ አየሩ እንዴት ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ደህና ነው እላለሁ።

በዚሁ መሃል አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከደሃና አንዲት ልጅ መጣች። ነርስ ናት። ተመርቃ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠች። አንድ ሆስፒታል ለቅጥር ጠርቷታል፤ ቃለ መጠይቁ ግን በቪዲዮ ነው። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት። ማስታወቂያው ላይ መስመር ለሚቋረጥበት ተወዳዳሪ ሌላ ቀጠሮ እንደማይሰጥ ተጽፏል። ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን በመኪና መጥታ በሬ ላይ የለጠፍኩትን አይታ ገባች።

ለሙከራ ከአክስቷ ልጅ ጋር በቪዲዮ አገናኘኋት። የልጁ ምስል አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ስንጠብቅ ጭራሽ ጠፋ።

ነርሷ ቦርሳዋን አነሣች። «እትዬ፣ እንዳይከፋዎት። ነገ ጠዋት ወደ ወልድያ መኪና አለ ብለውኛል። እዚያ ልሂድ መሰለኝ።»

መሄድ ትችላለች። ብትሄድ ኃላፊነቱ ከኔ ትከሻ ይወርዳል። ግን ያቺ ልጅ ቦርሳዋን ይዛ በዚያ ሰውዬ አጥር ሥር ስታልፍ ታየችኝ።

«አትሂጂ» አልኳት። «ሐሙስ በአራት ሰዓት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ታወሪያለሽ።»

«ካልሠራስ?»

«ይሠራል።»

ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። «እሺ፣ በርስዎ ልተማመን» አለችና ዘመዷ ቤት ሄደች። በምን እንደምትተማመን እኔም አላውቅም ነበር። እኔ ባልችል የልጅቷ እንጀራ በኔ ምላስ ይቀራል፤ ያ ሰውዬም በከተማው ሁሉ ፊት ልክ ይሆናል። የቱ ይበልጥ እንዳስጨነቀኝ ብጠየቅ መልሱን ለራሴ አስቀምጣለሁ።

ረቡዕ ጠዋት አቧራ ይሆናል ብዬ ጨርቅ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። አንቴናዋን ጠረግኋት። ከዚያ ጥቂት ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩና ጉንጬን ከጎኗ አስጠግቼ እሷ በምታይበት አቅጣጫ አየሁ። ማማው የለም። ኮረብታው ራሱ የለም። ዓይኔን የሞላው የገብስ ገለባ ነው።

እኛ አገር እህል ተወቅቶ ሲያልቅ ገለባው ከአውድማ በአህያ እየመጣ በየግቢው ይከመራል። ከብት ክረምቱ እስኪገባ የሚበላው እሱን ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ይቆማል፣ ሰኔ ላይ ያልቃል። ቤት አይደለም፣ ዛፍ አይደለም። በስልክ ያቺ ልጅ አዲስ ነገር አለ ወይ ስትለኝ ክምሩን በዓይኔ እያየሁት ነበር፤ ግን ጥር ላይ ክምርን ማን አዲስ ነገር ይለዋል? እኔ አንቴናውን ያሰቀልኩት በመስከረም ነው፤ ቦታው ባዶ በሆነበት ጊዜ። የጎረቤቴ ግቢ ከኔ ከፍ ይላል፤ ክምሩ ደግሞ ከግቢው በላይ። ምርቱን እኩል እየተካፈለ የሚያርስለት ሰው ዘንድሮ ጥሩ ገብስ አግኝቶ ኖሮ ከአምናው እጥፍ ከምሮታል። ካፊያ ሲነካው ደግሞ ገለባው ውሃ ይይዝና የባሰ ይዘጋል።

ከመሰላሉ ወረድኩ፤ ነጠላዬን አስተካከልኩና እግሬ ረግጦት በማያውቀው ደጅ ገባሁ። በሬዎቹን እያየ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ደህና አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?»

«ክምርዎ ኢንተርኔቴን ጋርዶታል።»

ክምሩን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። «ገለባ? ያ ከሰማይ የመጣ ነገር በገለባ ቆመ? አላልኩም! ሽቦ ቢሆን ኖሮ—»

«ሽቦው የት አለ?»

ከንፈሩን ጠረገ። «ታዲያ ክምሬን ላፍርስልሽ?»

«አልወጣኝም። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የቆመ ክምር ከተነካ እንደሚበሰብስ አውቃለሁ። ክምሩን ደግፎ መሃሉ ላይ የወጣውን ምሰሶ ጫፍ ነው የምፈልገው። አንቴናዬን እዚያ ልስቀል።»

እውነትም ምሰሶው ከክምሩ አናት በላይ ከፍ ብሎ ወጥቷል፤ ከሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ይበልጣል። ቀና ብሎ አየውና አገጩን አሻሸ።

«ጣሪያዬን አልነካም ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ከአጥር ማዶ ሰምቼሻለሁ እኮ።»

«ነኝ። ለስልኩ ከተጻፈው ዝርዝር ላይ ስሜን ስለሰረዙ ነው። በቀይ እስክሪብቶ። እኔኑ አስመትተው።»

«የቱ ዝርዝር?»

ፊቱን አየሁት። ያ ሰው ሲዋሽ ጆሮውን እንደሚይዝ ስንት ዓመት አብሬው ሠርቼ አውቃለሁ። እጁ ከጉልበቱ ላይ አልተነሣም። ረስቶታል። ለክርክሩ፣ ለማስተባበሉ፣ ለቁጣው ሁሉ መልስ ነበረኝ፤ ለመርሳቱ ግን አልተዘጋጀሁም። ያንን ወረቀት እስከነ ቀለሙ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«የሚስትዎን ወንድም ስም ነው የጻፉበት» አልኩ።

ጥቂት አሰበ። «አድርጌው ይሆናል» አለ። «እንግዲህ አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በይኝ።»

«ከሆነ» ብሎ የሚጠየቅ ይቅርታ እኔ አልቀበልም። «አሁን የምፈልገው ምሰሶውን ነው» አልኩት።

«ውሰጂው። መሰላሉን እኔ እይዝልሻለሁ።»

የወጣው እኩል የሚያርስለት ሰው ነው። ክምሩን የሠራው እሱ ስለሆነ የት ቢረግጥ እንደማይሰምጥ ያውቃል። ከመስከረም የተረፈ ጥቅል ገመድ ነበረኝ፤ በአጥሩ አናት አሳለፍነው። ቴክኒሻኑን በስልክ አገኘሁት፤ እሱ ከወዲያ ሆኖ የሞገዱን ጥንካሬ በቁጥር ይነግረኛል፣ እኔ ከታች ሆኜ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ወደ ላይ እጮሃለሁ፤ ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ እንደሱ፣ ተው መልሰው።

«ምን አለች?» ይላል ጎረቤቴ መሰላሉን እንደያዘ፤ ኽምጣንጋ እንደኔው አፉን የፈታበት ነው፣ ግን ሥልጣን ላይ ሳለ እንደማይሰማ መሆን ለምዶ ቀረበት።

«መልሰው አለች» አለው ሰውየው ከላይ። «እርስዎ መሰላሉን ይያዙ እንጂ!»

ራውተሩ ላይ መብራቶቹ ተራ በተራ አረንጓዴ ሆኑ። አንድ ቪዲዮ ከፈትኩ፤ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሄደ።

ሐሙስ ነርሷ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ከሦስት ሰዓት ጀምራ ወንበሩ ላይ ነበረች። በአራት ሰዓት ሦስት ሰዎች በኮምፒውተሩ ላይ ታዩ። በሩን ዘግቼላት ጓዳ ገባሁ፤ ድምፁ ግን ይሰማል። አንዱ ጠየቃት፤ «ሐኪም በሌለበት የወለደች እናት ደም ቢፈሳት ምን ታደርጊያለሽ?» እሷ መመለስ ጀመረች፤ መሃል ላይ የሰዎቹ ድምፅ ተቆራረጠ።

«ትሰሙኛላችሁ?» አለች። ዝም። «ይሰማችኋል?»

በጓዳው መስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ምሰሶው ይወዛወዛል። ሁለቱ በሬዎች ተፈትተው ክምሩን እየመዘዙ ይበላሉ፤ አንደኛው ደግሞ ጎኑን ይታከክበታል።

«በሬዎቹን!» ብዬ ጮህኩ። «ጌታዬ፣ በሬዎቹን!»

የት እንደነበር አላውቅም፤ ዱላውን ይዞ ሮጦ ወጣ። የሚሮጥ ዕድሜ ላይ አይደለም። አንዱን በሬ በትከሻው ገፍቶ፣ ሌላውን በዱላ መልሶ በክምሩና በከብቶቹ መካከል ቆመ። ምሰሶው ረጋ። ከወዲያኛው ክፍል «አሁን እንሰማሻለን፣ ቀጥይ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ልጅቷም ከቆመችበት ቀጠለች፤ ማሕፀኑን እንዴት እንደምታሽ፣ ምን እንደምትወጋት፣ ለማን እንደምትደውል። ድምፅዋ ምንም አልተናወጠም።

አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። አርባውንም ደቂቃ ያ ሰውዬ በፀሐይ ዱላውን ይዞ ቆመ። ከመስኮቱ አልተንቀሳቀስኩም። ደስ አለኝ ብል ግማሹን መናገር ነው።

ነርሷ ስትወጣ «ጨረስኩ እትዬ። የመጨረሻውን ጥያቄ እስኪጠይቁኝ አልጠፋሁባቸውም» አለችኝና እጄን ሳመች። በሦስተኛው ሳምንት ደወለች፤ ተቀጥራለች።

ሰኔ ላይ ክምሩ ተበልቶ ምሰሶው ብቻውን ሲቀር ረጅም ባሕር ዛፍ ገዝቼ በራሴ ግቢ በድንጋይና በሲሚንቶ አስተከልኩ፤ አንቴናዬንም አዛወርኩ። ጎረቤቴ አጥሩ ጋ መጥቶ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «ምንም፤ የራሴ እንዲሆን ብዬ ነው» አልኩት።

ነገሩ ጉድለት የለውም አልልም። ከባድ ዝናብ ሲጥል ይዘገያል። አመሻሹ ላይ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲከፍት ማማው ይጨናነቃል፤ ስለዚህ ከባድ ሥራ በጠዋት እጨርሳለሁ። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ያስፈልጋል። ሸለቆ ውስጥ ሆኖ ማማ ከማያይ መንደር የሚመጣ ሰው ሲጠይቀኝ «ለአንተ አይሆንም፣ ገንዘብህን አታጥፋ» እለዋለሁ። ፋይበሩም ደጄ ቢደርስ አልጠላውም። እስኪደርስ ግን እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም፤ የስልኩን ሽቦ ስጠብቅ የሄደው ዕድሜ ይበቃኛል።

ባለፈው ወር በዕድራችን ስብሰባ አንድ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ስለዚሁ ነገር አነሣ፤ ለልጆቹ ትምህርት ሊያስገባ ፈልጎ ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጎረቤቴ ተነሣ።

«ይሠራል» አለ፤ እንደ ድሮው ስብሰባ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ገለባ ይጋርደዋል። ይህን በራሴ ክምር ነው ያገኘሁት።»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሁለቱ «አይ ትምህርት!» አሉ።

ተነሣሁ። «ገለባውን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «በስድሳ ስድስት ዓመቴ መሰላል ላይ ወጥቼ። እርስዎ ያኔ እስኪያስልዎ እየሳቁ ነበር።»

ሳቅ ሆነ። እሱ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ሰዉ። «እሱም እውነት ነው» አለ፤ «ያገኘችው እሷ ናት።» ተቀመጠ።

ባለ ወፍጮው ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «ታዲያ እናቴ፣ የኔን ቤት መቼ መጥተው ያዩልኛል?»

«ነገ ጠዋት» አልኩት። «ክምርህን በየት በኩል እንደምትከምር ግን ዛሬውኑ ንገረኝ።»